የሁለት ነጠብጣብ ጠመንጃ

ቁጥሩ አልገጠመም።

የፈቃድ ቢሮው ጸሐፊ ጠመንጃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እንደገና አነበበ። ከዚያ የፈቃድ ደብተሩን አየ። ከዚያ ከፊቱ የቆሙትን ሽማግሌ አየ።

«አባባ፣ ይሄ የእርስዎ መሣሪያ አይደለም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

«እንዴት አይሆንም ልጄ? ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ ያደረ ነው እኮ።»

«አንድ አሃዝ ቢዛነፍ የጽሕፈት ስህተት ነው እል ነበር። ይሄ ከነአካቴው ሌላ ቁጥር ነው። የመጋዘኑ ጠመንጃ የት ገባ? ይሄስ የማን ነው?»

ወረፋ ይዘው አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዱ «ጉድ በል!» ሲል ተሰማ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

የሽማግሌው ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

እንግዲህ እኒህ ሰው ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። የእህል መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ናቸው። የመጋዘኑ ሠራተኛ ሁሉ ጋሽ ቀስ ይላቸዋል፤ በር ሲከፍቱ ቀስ፣ ሻይ ሲጠጡ ቀስ፣ ሲቆጡ እንኳ ቀስ ነው። ቀን ቀን በሩን የሚጠብቀው ወጣት ደግሞ ቶሎ ይባላል። ለምን እንደተባለ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሁለቱ የሚጠብቁት በአንድ ጠመንጃ ነው። ማታ ቶሎ ለጋሽ ቀስ ያስረክባል፣ ጠዋት ጋሽ ቀስ ለቶሎ።

ርክክባቸው ሥርዓት ነበረው። ሥርዓቱን ያመጡት ጋሽ ቀስ ናቸው። አስረካቢው አፈሙዙን ወደ መሬት ያደርግና መቀርቀሪያውን ይከፍታል፤ ትንሿን ጣቱን ጥይት መግቢያው ውስጥ ሰዶ «ባዶ ነው» ይላል። ተረካቢውም ጣቱን ይሰድና «ባዶ ነው» ይላል። ቶሎ መጀመሪያ ሰሞን በሳቅ ይሞት ነበር።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን አያምኑትም እንዴ?»

«ሊነጋጋ ሲል ያታልለኛል። ጣቴ ግን አታልላኝ አታውቅም።»

እየዋለ እያደረ ልጁ ለመደው። እንዲያውም ሳያስበው ያደርገው ጀመር። ጋሽ ቀስ ይህን ሲያዩ በሆዳቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት።

ካቴናውን ሲያዩ መጀመሪያ ትዝ ያሏቸው ግን ባለቤታቸው ናቸው። ከበሩ ጥግ ባለችው አንዲት ክፍል ጉልበታቸውን ታመው ተኝተዋል። ክፍሏ የሥራው ናት፤ ሥራው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። እሳቸው ከታሰሩ ደግሞ ለእኒያ ሴት አንድ ብርጭቆ ውሃ የሚያቀብል ሰው የለም። ይህን ሲያስቡ ግድግዳውን ተደገፉ።

«ምንድን ነው ጫጫታው?»

ከጓዳው ቢሮ አንዲት ሴት ወጣች። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። የቢሮው መርማሪ ኢንስፔክተር ናት።

ጸሐፊው በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ፖሊሱም «እጅ ከፍንጅ ነው የያዝናቸው» ብሎ ጨመረበት።

«ካቴናውን መልስ።»

«ኢንስፔክተር፣ ሕገ ወጥ መሣሪያ ይዘው…»

«መልስ አልኩህ። ሰውየው የሚሮጡ ይመስሉሃል?»

«ብሮጥም ቀስ ብዬ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ቀስ። ወዲያው ደነገጡ። «ይቅርታ፣ ኢንስፔክተር ማለቴ ነው።»

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ወደ ቢሮዋ አስገባቻቸው። ወንበር ሰጠቻቸው። ውሃም ራሷ ቀድታ ሰጠቻቸው። ጋሽ ቀስ ያን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ፤ በዕድሜያቸው ብዙ ውሃ ጠጥተዋል፣ እንደዚያ አንጀታቸው የገባ ግን አልነበረም።

«ጠመንጃው ትናንት የት ነበር?»

«ጠመንጃ ጠጋኙ ዘንድ። ከፈቃድ እድሳቱ በፊት ተፈትሾ፣ ጸድቶ ይምጣ ተብለን ነው።»

«ማን ወሰደው?»

«ቶሎ። ማለቴ የቀኑ ዘበኛ። ሥራ አስኪያጁ ነው የላከው።»

«መቼ አመጣው?»

«ትናንት ማታ።»

«ስትረከቡ ከፍታችሁ አያችሁት?»

ጋሽ ቀስ አንገታቸውን ደፉ።

«አላየነውም። በጨርቅ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሮ ነበር። ‹ጠጋኙ ቅባት ቀብቶታል፣ አቧራ እንዳይጠጣ ነገ ቢሮ ይፍቱት› አለኝ። እኔም እንደታሰረ ሰቀልኩትና በዱላዬ ስጠብቅ አደርኩ። ያን ቀን ብቻ ነው ልጄ ሥርዓቱን የሳትነው። ያን ቀን ብቻ!»

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አደረገች። ጠመንጃውን ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ አገላበጠችው። ሰደፉ ጫፍ ላይ ከጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጥቁር ላስቲክ በትንንሽ ምስማር ተመትቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእኔ ነው። ትከሻዬን ስለሚያመኝ ያደረግሁት ነው። ዓመታት ሆኖታል።»

«ዓመታት?»

ከመሳቢያዋ ጉጠት አወጣችና አንዱን ምስማር ነቀለች። ቀዳዳውን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«ይምጡ፣ ይዩ። የቆየ ቀዳዳ ቢሆን ውስጡ ይጠቁር ነበር። ይሄ እንጨት ገና ነጭ ነው፤ ምስማሩ የተመታው በዚህ ሰሞን ነው። ላስቲኩ የእርስዎ ነው፣ ሰደፉ ግን የእርስዎ አይደለም። ማንገቻውስ?»

«ማንገቻውም የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ቀስ በመገረም።

ጸሐፊው ከበሩ ላይ ጣልቃ ገባ። «ራሳቸው አዛውረውት ቢሆንስ ኢንስፔክተር?»

«ለማን ብለው? ይህ ላስቲክ ለአንተም ለእኔም ምናችንም አይደለም። የሚያውቀው የእሳቸው ትከሻ ብቻ ነው። ሰው ራሱን ለማታለል እንዲህ አይደክምም። ይሄን ያደረገው ሰው ሊያታልል የፈለገው እሳቸውን ነው።»

ጋሽ ቀስ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከጠዋት ጀምሮ «አላደረጉትም» ያላቸው የመጀመሪያው ሰው ይህቺ ሴት ናት። «እግዜር ይስጥልኝ» ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፃቸው ግን እምቢ አላቸው።

ኢንስፔክተሯ ከበርሜሉ ሥር ያለውን እንጨት ብሎኑን ፈታ አነሣችው። ዝገት ጠረገች። ብረቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ነጠብጣቦች ጎን ለጎን ተመትተዋል።

«ይሄውልዎ። ፈቃድ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የግል መጠበቂያ ነው፤ ሰውየው በስሙ አውጥቶ ቤቱ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው የአደን ነው፤ በተፈቀደ ቦታና በተፈቀደ ወቅት ብቻ ይተኮስበታል። ሦስተኛው እንደ እናንተ ያለው፣ የድርጅት ጥበቃ ነው። መሣሪያው የድርጅቱ ነው፤ ዘበኛው የሚይዘው በግቢው ውስጥ ነው። ለጥገናና ለእድሳት ካልሆነ ከበር አይወጣም። ቢሮው መሣሪያ ሲመዘግብ ከእንጨቱ ሥር ምልክት ይመታል፤ ለግል አንድ ነጠብጣብ፣ ለአደን ሁለት፣ ለድርጅት ሦስት።»

«ስለዚህ ይሄ…»

«የአዳኝ ጠመንጃ ነው። አዳኝ የሆነ ሰው ያውቃሉ?»

ጋሽ ቀስ አሰቡ፣ አወጡ አወረዱ። የሚያውቁት አዳኝ አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዎች ተጠርተው መጡ።

ሥራ አስኪያጁ ገና ከበሩ ሲገባ እየጮኸ ነበር። «ድርጅቱ ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቀው ነገር የለም! ጠመንጃውን የተረከቡት እሳቸው ናቸው፣ የሚጠየቁትም እሳቸው ናቸው። ክፍሏንም ዛሬውኑ ይልቀቁ!»

ጋሽ ቀስ ክው አሉ።

«ቀስ ይበሉ ጌታው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ፈቃዱ የወጣው በድርጅቱ ስም ነው። ተጠያቂ ከተፈለገ ከእርስዎ ነው የምጀምረው።»

ሰውየው ያኔ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ጠጋኙ እጁ ላይ የቅባት ጥቁረት ያልለቀቀው፣ ቁጡ፣ ወፍራም ሰው ነው። ጸሐፊው እሱን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ በሱቁ የጠመንጃ ብረትና እንጨት እንደ ጉድ ተከምሯል፣ ከእሱ ሌላ ማን ሊለውጥ ይችላል ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጉተመትም ነበር። ቶሎ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ገባ። ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ትናንት ማታ ጥቅሉን ሲያቀብል ከጋቢው ሥር ስለነበረ ጋሽ ቀስ አላዩትም። ጋሽ ቀስን አየና ዓይኑን አሸሸ።

«እጅህን ምን ሆንክ ልጄ?» አሉ ጋሽ ቀስ። የራሳቸው ጭንቅ አንሷቸው!

«በር ነው ጋሼ፣ በር ቀርጥፎኝ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ጠጋኙ ዞረች።

«የመጋዘኑን ጠመንጃ መቼ መለስክ?»

«ከትናንት በስቲያ ጠዋት። ይሄ ልጅ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ጠርጌ ሰጠሁት።»

«ጠቅልለህ?»

«በጨርቅ፣ አዎ። ሲባጎ ግን አላሰርኩም። ለደንበኛ ቋጠሮ ማሰር ሥራዬ አይደለም።»

«አንተስ?» አለችው ቶሎን።

«ትናንት ከሰዓት ነው የሰጠኝ እመቤቴ። ጠቅልሎ፣ አስሮ። በቀጥታ ለጋሼ አመጣሁ።»

«ውሸታም!» ጠጋኙ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ዓይንህን በጨው አጥበህ!»

«ተቀመጥ!» አለችውና ወደ ቶሎ ዞረች። «ጥቅሉ እንደታሰረ ነበር?»

«እንደታሰረ።»

«አልፈታኸውም?»

«ለምን ብዬ?»

«ስለዚህ ይሄን ጠመንጃ በእጅህ ነክተኸው አታውቅም።»

«ጨርቁን እንጂ ጠመንጃውንማ አልነካሁትም።»

አየችው። ቃል በቃል ላይ ነው፤ ማን ማንን ያምናል? ጋሽ ቀስ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዩ ላብ አጠመቃቸው። ልጁን ያምኑታል። ጠጋኙንም ያውቁታል፤ ባለጌ አፍ ቢኖረውም እጁ ንጹሕ ነው ይባላል።

ኢንስፔክተሯ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

«በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ባዶነቱ ይታያል። አንድ በአንድ አሳዩኝ። ጌታው፣ ይጀምሩ።»

ሥራ አስኪያጁ መቀርቀሪያውን ሳበ፣ ገፋ፣ ጎተተ። ንቅንቅ አልል አለው። ፊቱ በርበሬ መሰለ። «እኔ የቢሮ ሰው ነኝ» ብሎ ተወው።

ጋሽ ቀስም ሞከሩ። ቀስ ብለው ቢሞክሩም በኃይል ቢሞክሩም ያው ነው።

ጠጋኙ ተቀበላቸው። አንዴ አነሣው፣ አልከፈት አለው። ሁለተኛ ሲታገል አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ።

«ይሄ ነክሷል። የውስጥ ጥርሱ ተበልቷል። እኔ ዘንድ አልገባም፤ ቢገባ ኖሮ እንዲህ አድርጌ አልሰደውም። ስም አለኝ!»

«ለዘበኛው ስጠው።»

ቶሎ ተቀበለ። አፈሙዙን ወደ መሬት አደረገ። መቀርቀሪያውን በቀኝ እጁ ግማሽ አነሣ፣ በመዳፉ ግርጌ ከጎን መታ አደረገው፣ ሳበው። ጠመንጃው እንደ ቅቤ ተከፈተ። ትንሿን ጣቱን ሰደደ።

«ባዶ ነው» አለ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

ቶሎ ጣቱን እዚያው እንደሰደደ ቀረ። ምን እንዳደረገ ያወቀው ሌሎቹ ትንፋሻቸውን ሲይዙ ነው።

«ሌላ ጠመንጃ እንዲህ ይከፈታል?» ኢንስፔክተሯ ጠጋኙን ጠየቀችው።

«ሌላውን እንዲህ ብትመቺው እጅሽን ያምሻል እንጂ ምን ይሆናል? ይሄ የዚህ ብቻ አመል ነው። አብሮት የኖረ ነው የሚያውቀው።»

«ቶሎ፣ ነክተኸው አታውቅም ያልከኝ ይሄን ጠመንጃ ነው። ፋሻውን ፍታልኝ።»

አልፈታውም። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ጋሽ ቀስ ዞሮ ተንበረከከ።

«ጋሼ… የአባቴ ነው።»

ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ ሁሉንም ዘረገፈው። አባቱ በሕይወት ሳለ አዳኝ ነበር። ሲሞት ጠመንጃው ከነጥይቱ ከአልጋ ሥር ቀረ። ፈቃዱ በአባቱ ስም ስለነበር ከሟቹ ጋር ማብቃቱን ሰምቷል፤ ቢያመጣው የሚያስሩት መሰለውና ደበቀው። በዚህ ሰሞን የአማቱን በቆሎ የዱር አሳማ ጨረሰው። የአባቱን ጠመንጃ ይዞ መውጣት ፈራ። የመጋዘኑ ጠመንጃ እጁ ሲገባ ግን ልቡ ሞቀ።

«ፈቃድ ያለው መሣሪያ ነው ብዬ ነው እመቤቴ። ፈቃድ ካለው የትም ቢተኮስበት ምን አለበት ብዬ።»

«እና የአባትህን ጥይት አጎረስከው።»

«ዓይነቱ አንድ ነው። የመጀመሪያው ሲተኮስ ቱፍ ብሎ ቀረ። አሳማው እንዳያመልጠኝ ቶሎ ብዬ ሁለተኛውን ደገምኩ።»

«ያረጀው ጥይት በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ነበራ!» ጠጋኙ ራሱን ያዘ። «ሞኝ! ራስህን ገድለህ ነበር እኮ!»

በርሜሉ ተሰንጥቋል። የግራ መዳፉ ተቃጥሏል። የተሰነጠቀውን ከቤቱ ጓሮ ቀብሮ፣ ማንገቻውንና ላስቲኩን ነቅሎ የአባቱ ጠመንጃ ላይ ሰካ። ቁጥሩን ማን ያነበዋል፣ በየዓመቱ ማኅተም መትተው ይመልሱታል ብሎ። ሲነቃበት ደግሞ የተያዙት ጋሽ ቀስ ሆኑ፣ እሱም አፉን ዘጋ።

«ዝም ብለህ ልታሳስረኝ ነበር?» አሉ ጋሽ ቀስ። አልጮኹም። ሆድ ግን ብሷቸዋል። «እሷን ማን ውሃ ያቀብላት ነበር?»

ልጁ አለቀሰ። ጋሽ ቀስም ፊታቸውን አዞሩ፤ ይቅር ማለት ቢፈልጉም ያን ሰዓት አልወጣላቸውም።

ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አወለቀች።

«የሚያናድደኝ ምን መሰለዎት አባቴ? የሟች መሣሪያ ነው ብሎ በራሱ እግር ቢያመጣው ማንም አይነካውም ነበር። ተረክበን ደረሰኝ እንሰጠው ነበር። ቢፈልግ በስሙ ፈቃድ መጠየቅም ይችል ነበር። በራሱ እግር የመጣን ሰው አናስርም።»

ጋሽ ቀስ ይህን ነገር ልባቸው ላይ አኖሩት።

በዚያው ዕለት የተሰነጠቀው ጠመንጃ ከጓሮው ተቆፍሮ ወጣ፤ ቁጥሩ ከደብተሩ ጋር ገጠመ። ሥራ አስኪያጁ ክፍሏን ስለማስለቀቅ ዳግመኛ አላነሣም፤ ይልቁንም እየተሽኮረመመ አንድ ከረጢት ስኳር ላከ። ጋሽ ቀስ አመሻሽ ላይ ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው ውሃ ቀዱ።

«ምን ሆነህ ዋልክ? እድሳቱ ይሄን ያህል ያቆያል?»

«አንዲት ልጅ አገኘሁ» አሉ ጋሽ ቀስ። «ሳታውቀኝ አመነችኝ። እሷን የወለደች እናት ትባረክ።» ከዚያም ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሯቸው። አሮጊቷ ሲሰሙ ቆዩና «እንዲህ ያለም ሰው አለ ለካ!» ብለው እጃቸውን ያዙ።

በማግስቱ ጠዋት የቶሎ ሚስት በሩ ላይ መጣች። ዓይኗ አብጧል። በፎጣ የተጠቀለለ የወተት ቆርቆሮ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ፖሊሶቹ ጠመንጃዎቹን ብቻ ነው የወሰዱት። ይሄ ከዱቄቱ ዕቃ ውስጥ ተደብቆ አገኘሁት። የሟቹ አማቼ ጥይት ነው። ወንዝ ልጥለው ስል ሰው አየኝ መሰለኝ… ከተያዝኩ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

ጋሽ ቀስ ቆርቆሮውን አዩ። እሷን አዩ። ባሏ ትናንት ሊቀብራቸው የነበረ ሰው ነው። ግን ትናንት እሳቸውም በዚሁ ፊት ግድግዳ ተደግፈው ነበር።

«አትጣይውም የኔ ልጅ። እናስረክበዋለን።»

«ያስሩኛል!»

«አያስሩሽም። በራሱ እግር የመጣን ሰው አናስርም ብላኛለች። እኔ ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ነይ፣ አብረን እንሂድ። ቀስ ብለን።»

ሄዱ። በመንገድ ላይ ሴትየዋ እየፈጠነች ትቀድማቸዋለች፣ ትዝ ሲላት ቆማ ትጠብቃቸዋለች። «ከባልሽ ጋር አንድ ናችሁ!» ሲሏት ለመጀመሪያ ጊዜ በእንባዋ መሃል ሳቀች።

ኢንስፔክተሯ ሲገቡ ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለቻቸው። ነገሩን ሰማች። ጥይቶቹን ጠረጴዛው ላይ አወጣች፣ ደረሰኝ ጻፈች፣ ማኅተም መታች፣ ለሴትየዋ ሰጠቻት።

«በፈቃድሽ ማምጣትሽን ለባልሽም ጉዳይ አያይዘዋለሁ። ይጠቅመዋል። አሁን ወደ ልጆችሽ ሂጂ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ሴትየዋ የጋሽ ቀስን እጅ ለመሳም ጎንበስ አለች። እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡና ወደ ኢንስፔክተሯ ጠቆሟት። «ለእሷ ነው። እኔ ያመጣሁልሽ የእሷን ቃል ነው።»

ከዚያ ትናንት ከጉሮሯቸው ያልወጣው ቃል ወጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ያችን ውሃ አልረሳትም።»

ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛውን ማስተካከል ጀመረች። ባዶውን ቆርቆሮ ወደ ቅርጫት ልትወረውረው ስትል ጋሽ ቀስ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆይ፣ ቆይ። ርክክብ ነው እኮ።»

ትንሿን ጣታቸውን ቆርቆሮው ውስጥ ሰደዱ። ግርጌውን ዞር ዞር አድርገው ዳሰሱ።

«ባዶ ነው» አሉና አቀበሏት።

ኢንስፔክተሯ አየቻቸው። ጸሐፊው ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። እሷ ግን መነጽሯን አስተካክላ የራሷን ትንሽ ጣት ሰደደች።

«ባዶ ነው አባቴ» አለች። «ተረክቤአለሁ።»